ያልታደሰችው ሙስታንግ

መኪና ሊሸጥ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ይታወቃል። ያሳጥባታል። ከዚያ የተጫረውን ያስቀባል፣ የወንበር ልብስ ይቀይርላታል፣ አቅሙ ከፈቀደም ሙሉ ቀለም አስረጭቶ እንደ ሙሽራ ኩሎ ያወጣታል። ገዢውም ሞኝ አይደለም። ደላላውን አስከትሎ ይመጣና በሩን በጣቱ እያንኳኳ ድምፁን ያዳምጣል፤ ላሜራ ነው ወይስ ስቱኮ? ኮፈኑን ያስከፍታል፣ የሻንሲ ቁጥሯን ከሊብሬው ጋር ያስተያያል። ሻጭ ሊሸፍን፣ ገዢ ሊገልጥ፤ የመኪና ገበያ ማለት ባጭሩ ይኸው ነው።

በጃንዋሪ 10 ቀን 2020 ኪሲሚ በምትባል የአሜሪካ ፍሎሪዳ ከተማ ለጨረታ የቀረበች አንዲት መኪና ግን ይህን ሁሉ ሥርዓት አፍርሳ ነው የመጣችው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ታሪኩ የነሱ ነውና።) መኪናዋ የ1968 ፎርድ ሙስታንግ ናት። አረንጓዴ ቀለሟ ደብዝዟል፣ እዚህም እዚያም ዝገት ጎብኝቷታል፣ ውስጧም ዕድሜዋን ይናገራል። ባለቤቷ አላስቀባትም። «ከዚህ በታች አልሸጥም» የሚል ወለል እንኳ አላስቀመጠላትም። የአጫራቹ መዶሻ ሲያርፍ ዋጋዋ 3.4 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ፤ የአጫራቹ ድርሻ ሲታከልበት 3.74 ሚሊዮን። እስከዚያች ቀን ድረስ ለየትኛዋም ሙስታንግ በጨረታ ይህን ያህል ተከፍሎ አያውቅም ነበር።

ዜናውን ሳነብ መጀመሪያ የመጣልኝ ጥያቄ የእናንተም ሳይሆን አይቀርም፤ እንዲህ ሆና ይህን ካወጣች፣ ቢያሳምሯት ኖሮ ስንት ልታወጣ ነው? የገረመኝ መልሱ ነው። የሙያው ሰዎች እንደሚሉት ቢያሳምሯት ኖሮ የምታወጣው ያነሰ ነበር። ታሪኳን ላጫውታችሁ፤ ከመኪና ጉዳይ አልፎ የሚነካን ነገር አለበት።

ሙስታንግ ስትወለድ የሀብታም መኪና አልነበረችም። ፎርድ ኤፕሪል 17 ቀን 1964 በኒውዮርክ የዓለም ትርዒት ላይ ሲያወጣት ዋጋዋ ከ2 ሺህ 368 ዶላር ይጀምር ነበር። ከላይ ሲያዩዋት የስፖርት መኪና ናት፤ ከሥር ግን ፋልከን ከምትባለው የዚያው ኩባንያ ርካሽ የቤት መኪና ብዙ ነገር ተውሳለች። ለዚህም ነው አንዳንድ አሜሪካውያን «የስፖርት መኪናችን ኮርቬት ናት እንጂ ሙስታንግ አይደለችም» እያሉ እስከ ዛሬ የሚከራከሩት። ክርክሩ ለነሱ ይሁንና ገበያው አልተከራከረም። በመጀመሪያው ቀን ብቻ 22 ሺህ ያህል ትእዛዝ መጣ፤ በመጀመሪያው ዓመት ከ400 ሺህ በላይ ተሸጠ። ደመወዝተኛውም ገና ሥራ የያዘውም ወጣት ትንሽ ሀብታም የመሰለው በሙስታንግ ነው።

እንግዲህ ከነዚህ መቶ ሺዎች መካከል የኛዋን የለያት ፊልም ነው። በ1968 ስቲቭ ማክዊን «ቡሊት» የተባለውን ፊልም ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሲሠራ ሁለት ሙስታንጎች ተዘጋጁ። ቀለማቸው አንድ፣ ሞተራቸው አንድ፣ የሻንሲ ቁጥራቸው እንኳ ተከታታይ፤ መንትዮች በሏቸው። አንደኛዋ ለዝላዩና ለአደገኛው ሥራ፣ ሌላዋ ማክዊን ራሱ መሪ ይዞ ለሚታይበት። ፊልሙን ያየ ሰው ታሪኩን ቢረሳም አንድ ነገር አይረሳም፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት የቀረውን የመኪና ማባረር። ማባረሩ ሲጀመር ሙዚቃው ቀጥ ይላል። ከዚያ በኋላ የሞተርና የጎማ ጩኸት ብቻ ነው። አረንጓዴዋ ሙስታንግና ጥቁሯ ዶጅ ቻርጀር በዚያ ዳገትና ቁልቁለት በሰዓት እስከ 110 ማይል፣ ማለትም ወደ 175 ኪሎ ሜትር እየበረሩ ይተናነቃሉ። ልብ ብሎ ያየ ሰው አንዲት አረንጓዴ ቮልስዋገን ደጋግማ ስትታለፍም ይታዘባል፤ የተለያየ ቀረጻ እየቆራረጡ ስለቀጠሉት ነው። ቢሆንም ያንን የቀጣጠለው ፍራንክ ኬለር በፊልም ቅንብር ኦስካር ተሸልሞበታል።

ቀረጻው ሲያበቃ መንትዮቹ ተለያዩ። ለዝላዩ ያገለገለችው ፍዳዋን ስላየች ወደ ብረት ጨፍላቂ ሄደች ተባለ። ሌላዋን የፊልም ድርጅቱ ሠራተኛ ገዛት። ከሱም ወደ አንድ የኒው ጀርሲ የፖሊስ መርማሪ ተሻገረች። በፊልሙ የመርማሪ መኪና ሆና የተወነችው በእውኑም የመርማሪ መኪና ሆነች ማለት ነው።

በ1974 መርማሪው «ሮድ ኤንድ ትራክ» በተባለ የመኪና መጽሔት ላይ የሽያጭ ማስታወቂያ አወጣ። ዋጋ 6 ሺህ ዶላር። የገዛት በኢንሹራንስ ሥራ የሚተዳደር የዚያው የኒው ጀርሲ ሰው ነው። ሙዚየም ሊከፍትባት አይደለም፤ ሊነዳት ነው። ሚስቱ አስተማሪ ነበረችና በማለዳ እያስነሳች ትምህርት ቤት ትሄድባት ጀመር። እስቲ አስቡት። ዓለም በሲኒማ አዳራሽ ትንፋሹን ውጦ ያያት መኪና፣ የትምህርት ቤት ደወል እንዳያልፋት ስትሮጥ!

በዲሴምበር 1977 ለዚያ ቤተሰብ ደብዳቤ ተጻፈ። ጸሐፊው ስቲቭ ማክዊን ነው። መኪናዋን መልሶ መግዛት ይፈልጋል። ደብዳቤው አጭር ነው፣ ትሕትናም አለበት። መኪናዋን በቤተሰቡ ውስጥ ሊያኖራት እንደሚሻ፣ ያውም ሳያድሳት፣ በፊልሙ እንደነበረች አድርጎ፣ ይህም የራሱ የግል ስሜት ብቻ እንደሆነ ይገልጻል። በምትኳ የምትመስላትን ሌላ ሙስታንግ ፈልጎ ለመስጠትም ፈቃደኛ ነው። ነገሩ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ከሆነ ግን ብንረሳው ይሻላል ይላል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ጊዜው 1977 ነው። በዚያ ዘመን አሮጌ መኪና የሚወድ ሰው ሁሉ ሕልሙ መኪናውን እንደ አዲስ ማስደረግ ነበር። የፈለገውን አዲስ መኪና ከነሳጥኑ ማስመጣት የሚችለው ሰው ግን «እንዳለች ትኑርልኝ» አለ። ለምን ይመስላችኋል? ካሜራ እንዲታሰርባት ከሥሯ የተበየደው ብረት፣ ለፊልሙ ሲባል የተነቀለው ምልክቷ፣ ያረጀው መሪዋ፣ ሁሉም ለሱ የራሱ ዕድሜ ነው። ቀለም ሲቀባ የሚጠፋው ምን እንደሆነ ገብቶታል።

ባለቤቱ አልሸጠለትም። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ ኖቬምበር 7 ቀን 1980፣ ማክዊን ለካንሰር ሕክምና ሜክሲኮ ሄዶ በ50 ዓመቱ እዚያው ሞተ። በዚያው በ1980 የሙስታንጓ ፍሪሲዮን አለቀ። ቆጣሪዋ 65 ሺህ ማይል ላይ፣ ማለትም 105 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነበር። ጋራዥ ገባች፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ልቧ አልወጣችም።

አሁን «ቤተሰቡ አስተዋይ ነበርና ለታሪክ ብሎ አስቀመጣት» ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ነገሩ ግን እንደሱ አይደለም። ልጅ ማሳደግ መጣ፣ ሥራ መጣ፣ ከግዛት ግዛት መዛወር መጣ። መኪናዋም አብራ እየተጫነች ዞራ በመጨረሻ ቴነሲ ደረሰች። ዛሬ ነገ ሲባል 20 ዓመት አለፈ። ፈላጊዎቿ አገር ያስሳሉ፤ ቤተሰቡ ዝም። በ2001 ፎርድ በዚያ ፊልም ስም የተሰየመ ሙስታንግ ሲያወጣ አባትና ልጅ «በሉ እንግዲህ የኛንም እናድሳት» ብለው ተነሡ። መፈታታትም ተጀመረ። ከዚያ አባት ታመመ፣ ሥራው ቆመ። አባት በ2014 ሞተ።

ልብ በሉ፤ ይህች መኪና ሳትታደስ የቀረችው እድሳት ስላልታሰበላት አይደለም። ስላልደረሰላት ነው። ከጥንት ለኛ ከደረሱን ነገሮች ስንቶቹ እንዲህ ተርፈው ይሆን? ብር በማጣት፣ ጊዜ በማጣት፣ በሕመም፣ አንዳንዴም በስንፍና። አንዳንዱ የሚታደለው ባለመታደሱ ነው።

ከአባቱ ሞት በኋላ ልጁ ሥራውን ሲቀጥል ሐሳቡ ሌላ ሆኗል። ለመንቀሳቀስ የሚያስፈልጋትን ጠገነ። ቀለሟንና መልኳን አልነካም። በጃንዋሪ 2018፣ ፊልሙ 50 ዓመት በሚሞላበት ዓመት መግቢያ፣ በዲትሮይት የመኪና ትርዒት ላይ ይዟት ወጣ። በኤፕሪል ደግሞ ዋሽንግተን ወስደው በናሽናል ሞል መካከል በመስታወት ቤት ውስጥ አቆሟት። እዚያ ከተማ ታክሲ የሚነዳ አንድ ወዳጄ በዚያ ሲያልፍ አይቷት ኖሮ በስልክ እንዲህ አለኝ፦ «እኔ የምለው፣ ይቺን ለመስታወት ቤት ያወጡትን ለቀለም ቢያወጡት ምን ነበረበት? አገር ቤት ብትሆን እኮ በሳምንት አሳምረው ይሰጧቸው ነበር!» ሳቅን። ወዳጄ የተናገረው ግን ቀልድ ብቻ አይደለም፤ አብዛኞቻችን የምናምነውን ነው።

መልሱን መንትያዋ ትስጠን። ለዝላዩ ያገለገለችውና ተጨፍልቃለች የተባለችው ሙስታንግ በ2017 መጀመሪያ ሜክሲኮ ውስጥ ባሃ ካሊፎርኒያ ላይ ተገኘች። ሞተር የላትም፣ በብዙ እጅ አልፋለች፣ ቀለሟ ተለውጧል። ያገኟት ሰዎች ማን እንደሆነች ሳያውቁ የሌላ ፊልም ዝነኛ ሙስታንግ አስመስለው ሊሠሯት ተዘጋጅተው ነበር። ያዳናት የሻንሲ ቁጥሯ ነው። ቁጥሯ ከእኅቷ ቁጥር ጋር ተከታታይ መሆኑ ሲታወቅ ሥራው ቆመ። አንድ ቀን፣ አንድ ፊልም፣ አንድ ዓይነት ብረት። አንዷ የሆነችውን ሁሉ በሰውነቷ ላይ ይዛለች፤ ሌላዋ ማን መሆኗን የሚመሰክርላት ቁጥር ብቻ ቀርቷታል። ያደረገችውን ለማወቅ ፊልሙን ማየት ያስፈልጋል፤ ከአካሏ ላይ ማንበብ ግን አስቸጋሪ ነው።

የእድሳት ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጥሩ አዳሽ መኪናዋን ፈትቶ፣ ላሜራዋን እስከ ብረቱ ፍቆ፣ ከፋብሪካ ከወጣችበት ቀን ይልቅ አሳምሮ ይመልሳታል። «ይልቅ» ያልኩት በምክንያት ነው። የፎርድ ሠራተኞች በ1968 ቀለም ሲረጩ ሩጫ ላይ ነበሩ፤ ወጣ ገባ ያለ፣ አለቦታው የፈሰሰ ነበረው። አዳሹ ያንን ሁሉ ያስተካክልና ያልነበረ ነገር ይፈጥራል። ውብ ነው፣ ግን የዛሬ ሥራ ነው። አዲስ ቀለም በገንዘብ ይገኛል። የ1968ቱን ቀለም ግን አንዴ ከፋቁት በዓለም ላይ ካለ ገንዘብ ሁሉ መልሶ የሚገዛው የለም። የመኪና ሰብሳቢዎቹ «ኦርጅናል የሚኮነው አንዴ ነው» የሚሉት ይህን ነው።

አሜሪካኖቹም ይህን ያወቁት ዘግይተው ነው፤ ለረዥም ጊዜ የውድድሩ ሁሉ አሸናፊ የበለጠ ያብረቀረቀው ነበር። ይህንን ከተቃወሙት አንዱ ፍሬድ ሲሚዮን የተባለ የፊላደልፊያ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነው። የእሽቅድምድም መኪኖችን እየሰበሰበ ሙዚየም አቋቋመ፤ ታሪካዊ መኪና ሊጠበቅ እንጂ እንደ አዲስ ሊሠራ እንደማይገባው ሲሟገት ኖሮ በ2022 ሞተ። በሙዚየሙ ካሉት አንዷ ከስድስቱ የሼልቢ ኮብራ ዴይቶና መኪኖች የመጀመሪያዋ፣ በ1964 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተሠራችው ናት። ከውድድር ከወጣች በኋላ ለብዙ ዓመታት አንድ ማከማቻ ውስጥ ተረስታ ቆይታ፣ ከዚያ ስትወጣ አላስቀባትም። በ2014 አሜሪካ የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች መዝገብ ስትከፍት ቁጥር አንድ ሆና የተጻፈችው ያቺ ያልታደሰች መኪና ናት። የኛዋ ሙስታንግም በኋላ እዚያው መዝገብ ገባች። ነገሩ በዚያ አላበቃም። ከ1950 ጀምሮ ካሊፎርኒያ ውስጥ በሚደረገው የፔብል ቢች የውብ መኪኖች ውድድር፣ በ2024 ለመጀመሪያ ጊዜ ያልታደሰ መኪና የሁሉ አሸናፊ ሆነ። የ1934 ቡጋቲ ነው። እንደ መስታወት ያንጸባረቁት ሁሉ ከኋላው ቆሙ።

«እንግዲያውስ አሮጌ ነገር ሁሉ አይነካ» የሚል ካለ ግን እሱም ተሳስቷል። ቤተሰብ የሚያበላ ታክሲ ፍሬኑ ካልተጠገነ ሰው ይገድላል። ዝገትም ቅርስ አይደለም፤ ዝም ካሉት መኪናዋን ይጨርሳታል። ከዚህ ሁሉ ወሬ በኋላ ደግሞ ገበያው እንደ ገበያ ነውና፣ አዲስ ቀለም ፍቀው አሮጌ የሚያስመስሉም መጥተዋል። ድሮ አሮጌውን አዲስ፣ ዛሬ አዲሱን አሮጌ! ስለዚህ ጉዳዩ ማርጀት አይደለም። ጉዳዩ ጥገናና እድሳት መለየታቸው ነው። ጥገና ያለውን በሕይወት ያቆያል። እድሳት ያለውን አንሥቶ በቦታው ሌላ ይተካል። ያ ልጅ ሞተሯ እንዲነሣ አደረገ፤ ፊቷን ተወው። ልዩነቱ በዚህች ቁጥብ እጅ ውስጥ አለ።

በኛ ቋንቋ «ማደስ» ክፉ ትርጉም የለውም። መንጃ ፈቃድ ይታደሳል፣ ቤት ይታደሳል፣ ቃል ኪዳን ይታደሳል። «አሮጌ» ደግሞ ስድብ ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ሲታደስ የጠፋ ነገር ይኖራል ብሎ ለመጠየቅ አፋችን አይፈታም። አባቶች የጠረቡት የእንጨት በር ወልቆ በላሜራ ሲተካ «አማረ» እንላለን። የደበዘዘ የጥንት ሥዕል ላይ በበጎ ሐሳብ ዘይት ቀለም ሲደረብበት «ብርሃን ሆነ» እንላለን። የአያታችን ፎቶግራፍ በኮምፒዩተር ሸብሸቡ ተለቅልቆ፣ ጉንጩ ቀልቶ ሲመጣ ግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን። ቆንጆ ሽማግሌ ነው፤ አያታችን ግን አይደለም። ማንንም ለመውቀስ አይደለም። የሚያድሱት የሚወዱት ናቸው፤ የማይወደውንማ ማን ገንዘብ አውጥቶ ያድሰዋል? አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው። አንዳንድ ነገር የሚጠፋው በጠላት እጅ ሳይሆን በወዳጅ ብሩሽ ነው።

ወደ ጨረታው ልመለስ። 6 ሺህ ዶላር 3.4 ሚሊዮን ሆነ፤ ደስ ይላል፣ ቤተሰቡም ይገባዋል። ነገር ግን በዚያች ቀን የተዘጋም ነገር አለ። ያቺን መኪና እንዲህ ያደረጋት እየተነዳች ማርጀቷ ነበር። ማክዊን ተወነባት፣ መርማሪው ነዳት፣ አስተማሪዋ ወደ ሥራ ሄደችባት። ከሦስት ሚሊዮን በላይ የተከፈለባት መኪና ግን ከእንግዲህ ትምህርት ቤት አትሄድም። ብትጫር ጭረቱ ታሪክ ሳይሆን ኪሳራ ነው። ዋጋዋ ያከበራትን ያህል አስሯታል። ይህንን ልጁም የሚያውቀው ይመስለኛል። ላይሸጣት ይችል ነበር ለማለት ግን አልደፍርም፤ በሰው ኪስ ውስጥ ሆኖ መፍረድ ቀላል ነው።

ያ ደብዳቤስ? ማክዊን የለመነው ሁለት ነገር ነበር፤ መኪናዋ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እንድትኖርና እንዳትታደስ። ሁለቱም ተፈጽመውለታል፤ ለ45 ዓመት ያህል ከአንድ ቤተሰብ አልወጣችም፣ ቀለምም አልነካትም። ቤተሰቡ የሱ አለመሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። እናንተም ቤታችሁ ውስጥ «ይቺን ነገርማ አንድ ቀን አስቀባታለሁ» ያላችኋት ነገር ካለች፣ ቀለም ቀቢው ከመምጣቱ በፊት አንዴ በደንብ እዩዋት። ማን እንደጫራት የሚያስታውስ ሰው ካለም ጠይቁት።